የፋይል መጫኛ ገደብ ሲያንስ፦ ቁጥሩን መጨመር፣ ፋይሉን ማሳነስ ወይስ ሌላ መንገድ መፈለግ?

በራስዎ ቪፒኤስ (በተከራዩት ምናባዊ ሰርቨር) ላይ ዎርድፕረስ አስቀምጠው የሚያስተዳድሩ ከሆነ ይህ ጉዳይ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ፣ ስብከት ወይም ስካን የተደረገ መጽሐፍ ሊጭኑ ሲሉ «ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው» ይባላሉ። ፍለጋ ሲገቡ የሚያገኙት ምክር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ ይህን መስመር እዚህ ፋይል ላይ ለጥፉ፣ ቁጥሩን 512 አድርጉ፣ አለቀ። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ምንም አይለወጥም። አንዳንዴ ደግሞ ገጹ በሙሉ «500» ብሎ ይዘጋል፤ ያኔ የመጫኑ ነገር ቀርቶ ድረ ገጹን ማስነሳት ራሱ ሥራ ይሆናል።

የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። ቁጥሩን መጨመር ካሉት አማራጮች አንዱ ብቻ ነው፤ በተለይ ጫኚው በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ምርጡ አይደለም። ስለዚህ «ስንት ላድርገው?» ከማለት በፊት «ማን ነው የሚጭነው? በምን ዓይነት ኔት? በሳምንት ስንቴ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። እዚህ የማነጻጽራቸው መንገዶች ሁሉ በዚህ ጥያቄ የሚለዩ ናቸው። ምሳሌዬ ዎርድፕረስ፣ ኤንጂንኤክስ (የጎብኚውን ጥያቄ የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር) እና ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ) ያሉበት የሊኑክስ ሰርቨር ነው፤ በኤንጂንኤክስ ፈንታ አፓቼ የሚጠቀሙትንም በየቦታው አነሳለሁ።

መጀመሪያ የከለከለውን ይለዩ

አንድ ፋይል ከአዲስ አበባ ስልክ ተነስቶ ፍራንክፈርት ወይም ቨርጂኒያ ያለ ሰርቨር ላይ እስኪያርፍ ብዙ ኬላ ያልፋል። እያንዳንዱ ኬላ የራሱ ልክ አለው፤ ከሁሉም ዝቅተኛው ነው የሚፈርደው። አራቱን አስፍተው አንዱን ከረሱ ምንም እንዳልሠሩ ነው።

መጀመሪያ ከሰርቨሩ ፊት ቆሞ ትራፊኩን የሚያሳልፈው ክላውድፍሌር ካለ በነጻውና በፕሮ ደረጃው አንድ ጥያቄ (ብራውዘሩ በአንዴ የሚልከው ሁሉ) ከ100 ሜጋባይት በላይ መሸከም አይችልም፤ በቢዝነስ 200 ነው። ቀጥሎ ኤንጂንኤክስ አለ። «ክላየንት_ማክስ_ቦዲ_ሳይዝ» የሚባለው ቅንብሩ ካልተነካ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ፒኤችፒን ሲያገላብጥ ውሎ የሚረሳው ይህንን ነው። አፓቼ እስከ 2.4.53 ድረስ ከራሱ ገደብ አልነበረውም፤ ከ2.4.54 ጀምሮ ግን «ሊሚትሪኩዌስትቦዲ» ሳይነካ 1 ጊጋባይት ሆኗል። ሞድሴኪዩሪቲ የተባለው የመከላከያ ሞጁል ከነተመከረው ቅንብሩ ከተጫነ 13107200 ባይት፣ ማለትም 12.5 ሜጋባይት ላይ ያስቆማል። ከዚያ ፒኤችፒ፦ ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ» 2 ሜጋባይት፣ ለጥያቄው በጠቅላላ የሚፈቅደው «ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» 8 ሜጋባይት ነው። በመጨረሻ ራሱ ዎርድፕረስ ይመጣል። ብዙ ድረ ገጾችን በአንድ የሚያስተዳድረው መልቲሳይት ከሆነ በኔትወርኩ ማስተካከያ ውስጥ 1500 ኪሎባይት የሚል የራሱ ጣሪያ አለው። ኮንታክት ፎርም 7 ደግሞ በቅጹ ላይ ሌላ ቁጥር ካልጻፉለት 1 ሜጋባይት ብቻ ይቀበላል።

የትኛው እንደከለከለ ለማወቅ መልእክቱን በደንብ ማንበብ ይበቃል። ቁጥር 413 («የተላከው በጣም ትልቅ ነው» ማለት ነው) ያለበት ባዶ ገጽ ከነኤንጂንኤክስ ስም ከመጣ ፒኤችፒን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ጥያቄው ፒኤችፒ ዘንድ ሳይደርስ ነው የተመለሰው። ያው 413 የክላውድፍሌርን ስም ይዞ ከመጣ ደግሞ ሰርቨርዎ ጋርም አልደረሰም። መልእክቱ «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ» የሚለውን ስም ከጠራ ፒኤችፒ ነው። ፋይሉን መርጠው ወዲያው፣ ምንም ሳይጓዝ ከከለከለዎት ዎርድፕረስ ነው፤ የፒኤችፒን ሁለት ቁጥሮች አይቶ ትንሹን አስቀድሞ ይነግርዎታል።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ቴም ወይም ፕለጊን በዚፕ ሲጭኑ የሚመጣው «የተከተሉት ሊንክ ጊዜው አልፎበታል» የሚለው መልእክት ነው። ጊዜው ያለፈ ነገር የለም። የተላከው ሁሉ ከ«ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» ሲበልጥ ፒኤችፒ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የቅጹን መረጃ በሙሉ ባዶ አድርጎ ያስረክባል። ዎርድፕረስ የደህንነት ምልክቱን ፈልጎ ሲያጣው ሊንኩ ያረጀ ይመስለዋል። ሰው ደግሞ መልእክቱን አምኖ ወጥቶ ይገባል፣ ብራውዘር ይቀይራል፣ ካሽ ያጸዳል።

ፎቶ ላይ ያለው ችግር ደግሞ የተለየ ነው። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ከተጫነ በኋላ «ሰርቨሩ ምስሉን ማቀናበር አልቻለም» ካለ ጉዳዩ የመጫኛ ገደብ አይደለም፤ ሜሞሪ ነው። በጄፔግ 8 ሜጋባይት የሆነ ባለ 6000 በ4000 ፒክስል ፎቶ ሲፈታ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይፈልጋል፤ 96 ሚሊዮን ባይት መሆኑ ነው። ዎርድፕረስ ከዚያ ላይ ትንንሽ ቅጂዎችን ለመሥራት ተጨማሪ ይሻል። እዚህ ቦታ የመጫኛ ጣሪያውን ጊጋባይት ቢያደርሱትም ለውጥ የለም።

አሁን ያለዎትን ቁጥር ለማየት ምንም መጫን አያስፈልግም። ዎርድፕረስ ውስጥ «ቱልስ» ከዚያ «ሳይት ሄልዝ» ከዚያ «ኢንፎ» ይግቡ፤ የፒኤችፒ ሁለቱም ቁጥሮች እዚያ አሉ። የኤንጂንኤክስንና የክላውድፍሌርን ግን አያሳይዎትም፤ ዎርድፕረስ ስለእነሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

የፒኤችፒን ቁጥር የት መለወጥ ይሻላል?

ቁጥሩን የሚጽፉባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም።

ሆስቲንግ ተከራይተው ሲፓነል ከተሰጠዎት ሌላ ቦታ አይሂዱ። «መልቲ ፒኤችፒ አይኤንአይ ኤዲተር» የሚለውን ከፍተው ሁለቱን ቁጥሮች ቀይረው ማስቀመጥ ነው። ጉዳቱ፣ አከራዩ ከላይ የራሱን ጣሪያ ካስቀመጠ እርስዎ የሚጽፉት ቁጥር ከዚያ አያልፍም፤ ያኔ የሚያዋጣው ደንበኛ አገልግሎት ላይ ትኬት መክፈት ነው። ቁጥሩን በአምስት ቦታ በአምስት ዓይነት መንገድ እየጻፉ መሞከር መጨረሻው የተዘበራረቀ ሰርቨር ነው።

«.ዩዘር.አይኤንአይ» የተባለው ፋይል ፒኤችፒ በኤፍፒኤም ወይም በፋስትሲጂአይ (ከዌብ ሰርቨሩ ተለይቶ በራሱ) በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ያገለግላል፤ ከፒኤችፒ 5.3 ጀምሮ አለ። ሩት (የሰርቨሩ ሙሉ አስተዳዳሪ) ፈቃድ የሌለው ሰው በድረ ገጹ ዋና ፎልደር ውስጥ ሁለት መስመር ጽፎ ይገላገላል። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ፒኤችፒ ይህን ፋይል በየ300 ሰከንዱ ነው መልሶ የሚያነበው። ጽፈው ወዲያው ሲሞክሩ ካልሠራ አምስት ደቂቃ ይታገሡ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ቦታ መጻፍ ይጀምራል፤ በኋላ የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

«.ኤችቲአክሰስ» ላይ መጻፍ አልመክርም። ያ መንገድ የሚሠራው ፒኤችፒ የአፓቼ ሞጁል ሆኖ ሲጫን ብቻ ነው። ኤፍፒኤም ባለበት አፓቼ ላይ «ፒኤችፒ_ቫልዩ» የሚለውን ቃል አፓቼ ስለማያውቀው ገጹ በሙሉ 500 ብሎ ይወድቃል። ኤንጂንኤክስ ላይ ደግሞ ፋይሉን ጭራሽ የሚያነበው የለም። ድሮ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን መጀመሪያ የሚያስቀምጡት በጊዜያቸው የተለመደው እሱ ስለነበረ ነው።

«ፋንክሽንስ.ፒኤችፒ» ወይም የዎርድፕረስ ኮንፊግ ፋይል ላይ «አይኤንአይ_ሴት» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከነጭራሹ አይሠራም። ይህ ምክር ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ እየተቀዳ እስከዛሬ ይኖራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፒኤችፒ የእርስዎን ኮድ ማንበብ ሲጀምር ፋይሉ ወይ ገብቶ አልቋል ወይ ተጥሏል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ኮድ ከመሮጡ በፊት መታወቅ ካለባቸው ቅንብሮች ውስጥ ናቸው።

የራስዎ ሰርቨር ከሆነና ሩት ካለዎት ምርጫው በዋናው «ፒኤችፒ.አይኤንአይ» እና በኤፍፒኤም ፑል (የአንድ ድረ ገጽን ፒኤችፒ ለብቻው ማስኬድ የሚችል ክፍል) ፋይል መካከል ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ዋናው ፋይል አንድ ብቻ አይደለም፤ ለተርሚናል አንድ፣ ለኤፍፒኤም አንድ፣ ለአፓቼ አንድ በየፎልደሩ ይቀመጣል፤ ያውም ለእያንዳንዱ የፒኤችፒ ስሪት። ተርሚናል ላይ ሆነው ፒኤችፒን «ፋይልህ የት ነው?» ቢሉት የተርሚናሉን ያሳይዎታል፤ እሱን ቢቀይሩ ድረ ገጹ ምንም አይሰማውም። ሌላው ጣጣ ማሻሻያ ሲመጣ ነው፤ ሰርቨሩ «የእርስዎን ልተው ወይስ አዲሱን ላስገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በችኮላ አዲሱን ካሉ ለውጥዎ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናውን ሳይነኩ ከጎኑ ባለው «ኮንፍ.ዲ» ፎልደር ውስጥ በ99 የሚጀምር ትንሽ ፋይል ፈጥሮ ሁለቱን መስመሮች እዚያ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ዶከር (ፕሮግራምን በተለየ ኮንቴይነር የሚያስኬድ) የሚጠቀሙም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ትንሿን ፋይል ከውጭ ወደ ኮንቴይነሩ ማስገባት።

ሰርቨሩ ላይ ከአንድ በላይ ድረ ገጽ ካለ ግን የእኔ ምርጫ ፑሉ ነው። ለየድረ ገጹ የተለየ ፑል ሲኖር «ፒኤችፒ_አድሚን_ቫልዩ» በሚለው ቃል የተጻፈው ቁጥር ያንን ድረ ገጽ ብቻ ይመለከታል፤ ማንም በ«.ዩዘር.አይኤንአይ» ሊሽረውም አይችልም። ለምሳሌ የአንድ ሬዲዮ ገጽ 64 ሜጋባይት ሲፈቀድለት የጎረቤቱ የሱቅ ገጽ በ8 ይቀራል። በሁሉም መንገድ ኤፍፒኤምን ሪሎድ ማድረግ (ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ) አይርሱ።

አንድ የአጻጻፍ ነገር፦ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው አንድ ፊደል ነው፣ ኤም። «ኤምቢ» ብለው ሁለት ፊደል ከጻፉ ፒኤችፒ 64 ሜጋባይት ያሉትን 64 ባይት ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። አፓቼ ደግሞ ፊደል አይቀበልም፤ በባይት ነው፦ ለ64 ሜጋባይት 67108864።

ስለ ፕለጊኖቹ

«የመጫኛ መጠን ጨምር» የሚሉ ፕለጊኖች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱ ደግሞ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ዎርድፕረስ የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ ይቀይራል። ገጹ «እስከ 512 ሜጋባይት» ይላል፤ ፋይሉ ግን ሄዶ ሄዶ ኤንጂንኤክስ ወይም ፒኤችፒ ላይ ይወድቃል። ከበፊቱም ይብሳል፤ በፊት ሳይጓዝ ይከለከል የነበረ ፋይል አሁን ዳታ ከበላ በኋላ ነው የሚከለከለው።

ሁለተኛው ዓይነት ፋይሉን እየቆራረጠ ይልካል። ለምሳሌ 300 ሜጋባይት ፋይልን በብራውዘሩ ውስጥ ወደ ትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ አንድ በአንድ ይልክና ሰርቨሩ ላይ ይገጣጥመዋል። ለየኬላው የሚታየው ቁራጩ ስለሆነ የክላውድፍሌር 100 ሜጋባይትም፣ የፒኤችፒ 8ም ይታለፋል። «ቢግ ፋይል አፕሎድስ» የተባለው ፕለጊን የዚህ ዓይነት ነው። ጥንቃቄው፣ ኤንጂንኤክስ በ1 ሜጋባይቱ ከተተወ ቁራጩም ከዚያ ማነስ አለበት። ስለዚህ ፕለጊኑ ኤንጂንኤክስን ከመንካት ሁልጊዜ አያድንም።

ኤንጂንኤክስ፣ አፓቼ፣ ክላውድፍሌር

ኤንጂንኤክስ ላይ ቁጥሩን ለሰርቨሩ በሙሉ፣ ለአንድ ድረ ገጽ ወይም ለአንድ መንገድ ብቻ መጻፍ ይቻላል። ለአንድ ድረ ገጽ መጻፉ ለብዙዎቻችን ይበቃል። ዜሮ ብሎ ገደቡን ማንሳት እንደሚቻል የሚጽፉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ግን ማንም ያልታወቀ ሰው ዲስክዎን የሚሞላበትን በር መክፈት ነው። ሪሎድ ከማድረግዎ በፊት የኤንጂንኤክስን የራሱን የቅንብር መፈተሻ ያስኪዱ፤ አንዲት የተረሳች ሰሚኮለን በቀጣዩ ሪስታርት ድረ ገጾችዎን ሁሉ ልትጥል ትችላለች።

ጠንቃቃ አስተዳዳሪዎች ሰፊውን ጣሪያ ለሚዲያ መጫኛው መንገድ ብቻ ይሰጣሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የዎርድፕረስ ሚዲያ ላይብረሪ በአንድ መንገድ፣ አዲሱ የብሎክ ኤዲተር ደግሞ በሬስት ኤፒአይ (በዎርድፕረስ የፕሮግራሞች መገናኛ) በኩል ነው የሚጭኑት። አንዱን ብቻ ከፈቱ ከላይብረሪው የሚገባው ፋይል ከጽሑፉ ውስጥ ሆነው ሲጭኑት አይገባም። ሁለቱንም መሞከር ነው።

ክላውድፍሌር ላይ በነጻው ደረጃ የሚቀየር ቁጥር የለም። መውጫው ሦስት ነው፦ መቆራረጥ፣ ፕሮክሲ ያልበራበት፣ ማለትም በክላውድፍሌር በኩል የማያልፍ ሰብዶሜን ለመጫኛ ማዘጋጀት፣ ወይም ፋይሉን በድረ ገጹ በኩል አለማስገባት። ሰብዶሜኑ የሰርቨሩን እውነተኛ አይፒ ያጋልጣል፤ ክላውድፍሌርን ያስገቡት ከጥቃት ለመሸሸግ ከሆነ ይህን አይምረጡ።

ኔቱ ሲቆራረጥ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በፈጣን ኔት ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፉ መመሪያዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ሰርቨራቸው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ነው፤ አስተዳዳሪው ምናልባት ዋሽንግተን፣ ጫኚው ግን አገር ቤት ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ነው የሚሠራው። ሒሳቡን እንሥራው። ወደ ላይ የሚልከው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት (የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ) ከሆነ 300 ሜጋባይት ፋይል 2400 ሰከንድ፣ ማለትም 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ምንም ሳይቋረጥ። በ38ኛው ደቂቃ መብራት ከሄደ ወይም ኔት ከጠፋ ከዜሮ ነው። ጣሪያውን 512 ማድረግ ይህን ሰው አልረዳውም፤ ይልቁንም ሦስት ጊዜ ሞክሮ ዳታውን እንዲጨርስ ፈቀደለት።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ማክስ_ኤክሲኪዩሽን_ታይም» የሚባለውን የፒኤችፒ ጊዜ 300 ወይም 600 ማድረግ ነው። ኤንጂንኤክስ ባለበት ግን ለዚህ ችግር አይፈይድም። ኤንጂንኤክስ ካልነኩት በቀር ፋይሉን መጀመሪያ ራሱ ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ነው ለፒኤችፒ የሚያስረክበው፤ 40 ደቂቃው የሚያልፈው ፒኤችፒ ገና ሳይጠራ ነው። የሚመለከተን «ክላየንት_ቦዲ_ታይምአውት» ነው፤ ልኩ 60 ሰከንድ ነው። ይህ ለጠቅላላው ጉዞ የተሰጠ ጊዜ አይደለም፤ በሁለት ንባብ መካከል ያለው ዝምታ ነው። ቀስ ብሎ ግን ሳያቋርጥ የሚመጣ ፋይል ይገባል፤ ለአንድ ደቂቃ ጭልጥ ብሎ የሚጠፋ ኔት ግን ይቋረጣል። 180 ሰከንድ ማድረግ የተወሰነ ትንፋሽ ይሰጣል።

መቆራረጥ የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ቁራጩ 5 ሜጋባይት ከሆነ በዚያው ፍጥነት 40 ሰከንድ ነው፤ ኔቱ ሲጠፋ የሚከስረው ያ 40 ሰከንድ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ግን የሚቀጥሉት ገጹ ሳይዘጋ ከቆየ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ እንደገና ነው። ገጹ ተዘግቶም ካቆመበት እንዲቀጥል ከፈለጉ «ተስ» የተባለውን ፕሮቶኮል የሚጠቀም መጫኛ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የፕሮግራመር ሥራ ነው።

ለአንድ ሁለት ቋሚ ጫኚ ከሁሉም የምመርጠው ኤስኤፍቲፒ ነው፤ ፋይልን ያለ ብራውዘር በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ የሚልክ መንገድ። ፋይልዚላ ወይም ዊንኤስሲፒ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከላይ የዘረዘርናቸው ኬላዎች አንዳቸውም አይመለከቱትም፤ የሚከፈልበት ነገርም የለም። ፋይሉን በቀጥታ ወደ «አፕሎድስ» ፎልደር መወርወር ግን አይበቃም፤ ዎርድፕረስ በዳታቤዙ ካልመዘገበው ሚዲያ ላይብረሪው ውስጥ አይታይም። በደብልዩፒ ሲኤልአይ (ዎርድፕረስን ከተርሚናል የሚያዝዙበት መሣሪያ) «ሚዲያ ኢምፖርት» በሚለው ትእዛዝ ይመዘገባል፤ በየሰዓቱ ራሱ እንዲያስገባ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምር የሊኑክስ ፕሮግራም) ላይ ማድረግም ይቻላል። ለጫኚው የሚሰጠው መለያ በአንድ ፎልደር የታጠረና ተርሚናል የማይከፍት መሆን አለበት። የሩትን ፓስዎርድ በቴሌግራም የሚላላኩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ።

ፋይሉን ማሳነስ

ይህ አማራጭ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጠቀሳል፤ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። ድምፅ እንውሰድ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ዌቭ ፋይል 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። ወደ ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት ሲለወጥ 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። ንግግር ብቻ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቻናል በ64 ኪሎቢት ቢያስቀምጡት 28.8 ሜጋባይት ነው፤ ስብከትና ቃለ መጠይቅ በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚያደምጥ ሰው ልዩነቱን አይለየውም። መዝሙርና ሙዚቃ ከሆነ ግን አይንኩት፤ በ128 ስቴሪዮ ይተዉት። ኦፐስ የተባለው ፎርማት ከዚህም ያንሳል፤ አሮጌ አይፎኖች ላይ ላይከፈት ስለሚችል ለሕዝብ ገጽ ኤምፒ3 ላይ መቆየቱን እመርጣለሁ። ኦዳሲቲ ለማንም ይበቃል፤ ብዙ ፋይል በአንዴ ለመለወጥ ኤፍኤፍኤምፔግ አለ።

የማሳነስ ጥቅሙ ለጫኚው ብቻ አይደለም። 500 ሰው ያንን ዝግጅት ቢያወርደው በ57.6 ሜጋባይት 28.8 ጊጋባይት ከሰርቨሩ ይወጣል፤ በግማሹ 14.4። የአድማጩም ኪስ እንዲሁ።

ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ሌላው ራስ ምታት ናቸው። በኮምፒውተር የተተየበ መጽሐፍ ፒዲኤፉ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ስካን የተደረገው ግን እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ስለሆነ በመቶ ሜጋባይት ይሄዳል። ጽሑፍ ብቻ ያለባቸውን ገጾች ከቀለም ወደ ግራጫ ወይም ጥቁርና ነጭ መለወጥ ብቻውን ብዙ ይቀንሳል። ጎስትስክሪፕት በተባለው ፕሮግራም መጭመቅም ይቻላል፤ የግዕዝ ፊደላት ጥቃቅን ምልክት ስላላቸው በጣም ሲጨመቁ «ሰ» እና «ሱ» እስከመምታታት ይደርሳሉ፤ ከመልቀቅዎ በፊት በስልክ ከፍተው ያንብቡት።

ሌላ ቦታ ማስቀመጥ

ቪዲዮን በራስ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ በአብዛኛው ትርፍ የለውም። ዩቲዩብ ለተረጋገጠ አካውንት እስከ 256 ጊጋባይት ወይም 12 ሰዓት ይቀበላል፤ ላልተረጋገጠ 15 ደቂቃ ነው። ለተመልካቹ ኔት የሚስማማ ጥራትም ራሱ ይመርጣል፤ ይህን በራስዎ ሰርቨር ላይ ለመሥራት ቢነሱ የመጫኛ ገደቡ ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ይሆናል።

ቴሌግራም ለአንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ ፕሪሚየም ለሚከፍል 4። አድማጩ አስቀድሞ እዚያ ስላለ ብዙ የድምፅና የመጽሐፍ ገጾች ፋይሉን ቻናል ላይ አድርገው ድረ ገጹ ላይ ሊንክ ብቻ ይተዋሉ። ለስርጭት ጥሩ ነው፤ ለማኅደር ግን አልተማመንበትም። ቻናሉ ቢዘጋ ወይም የከፈተው ሰው ስልክ ቢጠፋ ሊንኮቹ ሁሉ ባዶ ይሆናሉ።

የአማዞን ኤስ3 እና መሰሎቹ የኦንላይን ፋይል ማከማቻዎች ብዙ ሰው ብዙ ትልቅ ፋይል ለሚጭንበት መድረክ ትክክለኛው መልስ ናቸው። ብራውዘሩ በጊዜ የተገደበ ፈቃድ ከሰርቨርዎ ይቀበልና ፋይሉን በቀጥታ ወደ ማከማቻው ይልካል፤ የእርስዎ ኤንጂንኤክስና ፒኤችፒ ፋይሉን አያዩትም። ኮድ ይፈልጋል፤ ክፍያውም በዶላር በካርድ ስለሆነ አገር ቤት ላለ አስተዳዳሪ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በሳምንት ሁለት ኤምፒ3 ለሚጭን ገጽ አይመከርም።

ታዲያ የትኛውን? ስንትስ?

ጫኚው አንድ ሰው ሆኖ ጥሩ ኔት ካለው፣ ፋይሉም ከ100 ሜጋባይት በታች ከሆነ ቁጥሩን መጨመር ቀላሉና በቂው ነው። ኔቱ የሚቆራረጥ ግን ተርሚናልና ኤስኤፍቲፒ የማያስፈራው ከሆነ ኤስኤፍቲፒ። ጫኞቹ ብዙ ሆነው በስልክ ብራውዘር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ የሚቆራርጠው ፕለጊን። ቪዲዮ ከሆነ ሌላ ቦታ። ለሁሉም መጀመሪያ ማሳነስ።

ቁጥሩን በተመለከተ ለድምፅ ገጽ 64 ሜጋባይት ይበቃል። ግን ለሦስቱም እኩል 64 አይስጡ። «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ» 64፣ «ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» 72፣ ኤንጂንኤክስ 80 ያድርጉ፤ ወደ ውጭ እየሰፋ። ከፋይሉ ጋር የሚላከው የቅጽ መረጃም ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ትንሹ ቁጥር ውስጥ ሲሆን ከልካዩ ዎርድፕረስ ይሆናል፤ እሱ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ፋይሉ ሳይጓዝ ይናገራል። ለማንም ክፍት የሆነ ቅጽ፣ ለምሳሌ የሥራ ማመልከቻ የሚገባበት፣ በቅጹ ላይ ከ5 ሜጋባይት አይለፍ።

«ሜሞሪ_ሊሚት»ንም አብረው እንዲጨምሩ የሚነግሩዎት ብዙ ናቸው። ፒኤችፒ የሚጫነውን ፋይል እየተቀበለ ወደ ዲስክ ይጽፋል እንጂ በሙሉ ሜሞሪ ላይ አይከምርም፤ 64 ሜጋባይት ኤምፒ3 ለመቀበል የተለመደው 128 ይበቃል። የሚጨመረው ለትልልቅ ፎቶዎች ነው። ይልቅ የሚረሳው ዲስኩ ነው። አንድ ፋይል መጀመሪያ በኤንጂንኤክስ ጊዜያዊ ፎልደር፣ ቀጥሎ በፒኤችፒ ጊዜያዊ ፎልደር ያርፋል፤ ከዚያ ነው ወደ ቦታው የሚሄደው። የሰርቨሩ «ቴምፕ» ፎልደር በራም ላይ የተሠራ ከሆነ ሦስት ሰው በአንዴ 300 ሜጋባይት ሲልክ በ1 ጊጋባይት ራም ላይ የቆመ ቪፒኤስ ይንገዳገዳል።

ለውጡን ካደረጉ በኋላ በሁለት ፋይል ይሞክሩ፤ ከገደቡ ትንሽ የሚያንስና ትንሽ የሚበልጥ። የሚያንሰው ከሚዲያ ላይብረሪውም ከብሎክ ኤዲተሩም መግባት አለበት። የሚበልጠው ደግሞ በዎርድፕረስ መልእክት መመለስ አለበት፤ 413 ወይም 500 ካመጣ ከውጭ ያለ አንድ ኬላ ገና ጠባብ ነው። ሙከራውን አገር ቤት ያለው ጫኚ በራሱ ስልክ ቢያደርገው ይሻላል። ለመፈተሻ ብለው የፒኤችፒን ሙሉ ቅንብር የሚያሳይ ገጽ ፈጥረው ከነበረ ያጥፉት፤ የሰርቨሩን ሆድ ዕቃ ለማንም ነው የሚያሳየው።